«ከመቶ አሥር» ያልኩት ቀን

ጥፋቱ የኔ ነው፤ ከመጀመሪያው ልናገረው።

ከብሔራዊ ቴአትር ጀርባ ካሉት ክሊኒኮች በአንዷ ጤና መኮንን ነኝ። ይሄ የሆነው ሰኔ 2017 ላይ ነው። ታካሚውን አስፈቅጃለሁ፤ ማንነቱን የሚያሳብቁ ነገሮችን ቀያይሬያለሁ፤ ሌላው እንዳለ ነው።

ወሩን ታስታውሱታላችሁ። ግንቦት 17 ቀን ሞያሌ ላይ የ21 ቀን ጨቅላ በኤምፖክስ፣ ቀድሞ የዝንጀሮ ፈንጣጣ ይባል በነበረው፣ መያዙ ተነገረ። ለአገራችን የመጀመሪያው ነበር። ከዚያ በኋላ ትንኝ የነከሰችው ሁሉ እጅጌውን ሰብስቦ ወደ እኛ መምጣት ጀመረ። ጥበቃችን ጋሼ በረኪና በጥብጠው ሰው ከወንበር በተነሳ ቁጥር ይረጫሉ። አንድ ቀን የአንዱ ታካሚ ጥቁር ሱሪ ላይ አርፎ ነጭ ካርታ ሠራበትና ለሱሪው ካሳ ከፍለናል።

እሱ የመጣው ሰኞ ከሰዓት ነው፤ ዝናብ ሲጀምር። የ31 ዓመት ሰው ነው፤ ስልክና ቻርጀር ይነግዳል። ትኩሳት ከጀመረው አራት ቀን፣ ሽፍታው ከወጣ ሦስት ቀን። ጃኬቱን አውልቆ ወንበር ላይ ጣለና ሸሚዙን ገለጠ። ደረቱና ጀርባው ላይ በዝቷል። አንዱ ገና ቀይ ነጥብ ነው፣ አንዱ ውሃ ቋጥሯል፣ አንዱ ደርቆ ቅርፊት ይዟል። ፊቱ ላይ አራት አምስት አለ። መዳፉ ላይ አንድ። አንገቱ ሥር ስዳብስ ትንሽ ንፍፊት አገኘሁ። ያሳክከዋል፤ እያወራኝ እንኳ እጁ አያርፍም።

«ሰሞኑን ከከተማ ወጥተህ ነበር?»

«ሁለት ሳምንት ቢሆነኝ ነው። ሞያሌ ነበርኩ፣ ለዕቃ።»

በቃ፣ ሆዴ ቡጭ አለ።

መጽሐፉ የሚለውን እናውቃለን። የኤምፖክስ ቁስሎች አንድ ቦታ ላይ ያሉት እኩል ያድጋሉ፤ ጠንከር ያሉ፣ መሐላቸው ጎድጎድ ያለ ናቸው፤ መዳፍና ውስጥ እግር ይወዳሉ፤ ንፍፊት አላቸው። ጉድፍ ግን፣ ሰው ሁሉ ችክን ፖክስ የሚለው፣ ጀማሪውና ደራቂው ተቀላቅሎ ይወጣል፣ ደረትና ጀርባ ላይ ይበዛል፣ ያሳክካል። በዚህ መለኪያ ሰውየው ወደ ጉድፍ ያደላል። ችግሩ ኤምፖክስ ራሱ ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ መጽሐፉን ማክበር ትቷል። ሁለት ሦስት ቁስል ብቻ ይዞ የሚመጣ አለ፣ ብልት አካባቢ ብቻ የሚወጣበት አለ። መዳፉ፣ ንፍፊቱና ሞያሌ ሲደመሩ ዶክተራችን «ተጠርጣሪ ነው፣ ናሙና ይወሰድ» አለች። ትክክል ነበረች።

ጓንትና ጋዋን ላመጣ ስነሳ እጁን ዘረጋና አስቆመኝ።

«ዶክተር፣ የትኛው ነው? ገዳዩ ነው?»

ዶክተር አይደለሁም፤ ግን እዚህ ሰፈር ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው። ቲክቶክ ላይ ሁለት ዓይነት እንዳለ አይቷል፤ አንዱ ቀላል፣ አንዱ ገዳይ። እኔም የማውቀውን የማሳየት ነገር ያዘኝ መሰለኝ። «ሞያሌ የታየው ክሌድ አንድ የሚባለው ወገን ነው። እሱ ከያዛቸው ከመቶ አሥሩን ይገድላል ይባላል» አልኩት። «ይባላል» ስላልኩ የተጠነቀቅኩ መስሎኛል እኮ!

ጋዋን ለብሼ፣ ለክፍለ ከተማው ደውዬ ለማሳወቅ መስመሩ እስኪነሳ ጠብቄ፣ ሰባት ስምንት ደቂቃ ቢሆን ነው። ስመለስ አልጋው ባዶ ነው። ጃኬቱ ወንበሩ ላይ አለ። ጋሼን ጠየቅኳቸው። «ሽንት ቤት ነው ብሎኝ ነው የወጣው፣ ዝናቡ ውስጥ በሸሚዝ ሲሮጥ ግን ደንግጫለሁ» አሉ። ስልኩ ተዘግቷል። ጃኬቱን በፕላስቲክ ስናሽግ ከኪሱ ግማሹ ያለቀ የኒያላ ፓኮ ወደቀ። መልሼ ከተትኩት።

ያን ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ያልኩት ነገር ከየት እንደመጣ ማየት ጀመርኩ። እውነቱን ለመናገር ከዚያ በፊት አንድም ቀን ጠይቄው አላውቅም። ሥልጠና ላይ ስላይድ ላይ ነበር፣ ገለበጥኩት፣ አለቀ። ከዚህ በኋላ የምጠራቸው የውጭ ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ስለ ዘሩ። ቫይረሱ ሁለት ትልልቅ ቤቶች አሉት፤ ክሌድ አንድና ክሌድ ሁለት። ሚዲያው ዝርያ ይላቸዋል። እኔ ግን ዘር ቆጠራ ይመስለኛል፤ ከአንድ አያት የወረደ ሁሉ አንድ ቤት ነው። ክሌድ አንድ የመካከለኛው አፍሪካው ነው፣ ክሌድ ሁለት የምዕራቡ። እያንዳንዳቸው ደግሞ ኤ እና ቢ ተብለው ይከፈላሉ። በ2022 ዓለምን ያዳረሰው 2ቢ ነው። ከኮንጎ ተነስቶ ወደ ጎረቤት አገሮች የዘለቀው፣ ሞያሌም የተገኘው 1ቢ ነው።

የቫይረሱ የዘር ጽሑፍ፣ ማለትም ዲኤንኤው፣ 197,000 ገደማ ፊደል አለው። በሁለቱ ቤቶች መካከል ያለው ልዩነት ከመቶ ግማሽ ገደማ ነው፤ ወደ አንድ ሺህ ፊደል። ያቺ ግማሽ ፐርሰንት ናት እንግዲህ «ገዳይ» እና «ቀላል» ያሰኘችው።

ከመቶ አሥሩስ? ትልቁ ምንጩ የያኔዋ ዛየር፣ የዛሬዋ ዲሞክራቲክ ኮንጎ ናት። ከ1981 እስከ 1986 የዓለም ጤና ድርጅት መንደር ለመንደር እየዞረ ሲከታተል 338 ሰው ተገኘ፤ 33ቱ ሞቱ። ስታካፍሉት አሥር በመቶ ገደማ ይመጣል። ቁጥሩ ትክክል ነው። ግን የሞቱት እነማን ናቸው? የፈንጣጣ ክትባት ያላገኙ ትንንሽ ልጆች። ጫካ ዳር ካለ መንደር፣ ሐኪም ከሌለበት፣ ወባውም ኩፍኙም የምግብ እጥረቱም ባለበት። እኔ ይሄን ቁጥር ወስጄ ቴአትር ቤት ጀርባ ለቆመ፣ ምሳውን ጥብስ በልቶ ለመጣ የ31 ዓመት ነጋዴ ለጠፍኩት።

በ2022 በ2ቢ የተያዙት ደግሞ በአብዛኛው ጎልማሶች ነበሩ፤ ብዙዎቹም ሆስፒታል ቅርባቸው ነው። ከሺህ ሁለት እንኳ አልሞቱም። የኮንጎን መንደር ሕፃንና የማድሪድን ጎልማሳ ጎን ለጎን አስቀምጦ ልዩነቱን ሁሉ ለቫይረሱ መስጠት ልክ አይደለም። አንዱ ታክሲ ዳገት ሌላው ቁልቁለት ይዘው የትኛው ሞተር ይበልጣል እንደማለት ነው።

በእርግጥ ሞተሩም ይለያያል። ቫይረሱ ላይ ልዩነት የለም ማለቴ እንዳይመስላችሁ። በ2023 የወጣ የአይጥ ጥናት አለ። ለኤምፖክስ ቶሎ የሚሸነፉ አይጦችን ወስደው ክሌድ አንድን፣ 2ኤን እና 2ቢን ለየብቻ ሰጧቸው። አይጦቹ ዘራቸው አንድ፣ ቀለባቸው አንድ፣ ቤታቸው አንድ ነው። ክሌድ አንድ በጣም በረታ፣ 2ኤ መሐል ሆነ፣ 2ቢ ደካማው ነበር። ዳገትና ቁልቁለቱ ሲነሳ ልዩነቱ አለ ማለት ነው።

የትኛው ጂን ነው ይሄን የሚያደርገው? እዚህ ጋ ነገሩ ይጣፍጣል። ለብዙ ጊዜ ዋናው ተጠርጣሪ አንድ ጂን ነበር። የሚሠራው ፕሮቲን ኮምፕሊመንት የሚባለውን የሰውነታችንን ፈጥኖ ደራሽ መከላከያ ያፍናል። ክሌድ አንድ ላይ አለ፣ ክሌድ ሁለት ላይ የለም። ያገኘነው መሰለ! ነቅለው እንስሳት ላይ ሲሞክሩት ግን ማብሪያ እንደማጥፋት አልሆነም፤ አንዱ ነገር ሲቀንስ ሌላው ይጨምራል።

ከዚያ በ2023 መስከረም ላይ ካሚቱጋ መጣች። ኮንጎ፣ ደቡብ ኪቩ ክፍለ ሀገር ውስጥ ያለች የወርቅ ማውጫ ከተማ ናት። ወጣት ማዕድን አውጪ፣ ቡና ቤት፣ ሴተኛ አዳሪ፣ ሹፌር፣ ሁሉም የሚያልፍባት። እዚያ በብዛት በግብረ ሥጋ ንክኪ የሚተላለፍ ኤምፖክስ ታየ። ናሙናውን በተለመደው የክሌድ አንድ መለያ ምርመራ ሲፈትሹት ክሌድ አንድ አይደለም ይላል፤ ለሁሉም ቤት የጋራ የሆነው ምርመራ ግን ኤምፖክስ ነው ይላል። ሙሉ ጽሑፉ ሲነበብ ነው ነገሩ የተገለጠው። ሺህ የሚያህል ፊደል ወድቋል፣ መለያ ምርመራው የሚፈልገው ደግሞ ልክ የወደቀው ቦታ ላይ ነው። መታወቂያ ሲጠየቅ ፎቶው የተለጠፈበትን ገጽ ቀዶ እንደመጣ ሰው። የወደቀውስ ምን ነበር? ያው የተጠረጠረው ጂን። ያ ነው እንግዲህ 1ቢ የተባለው።

ታዲያ ዋናው መሣሪያው የወደቀበት ክሌድ አንድ ሲዛመት ምን ሆነ? ቡሩንዲ ውስጥ በሺዎች ያዘ፣ የሞቱት ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። እና ጂኑ ስለወደቀ ነው በላ! እኔም ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ እንደዛ ብዬ ተደስቼ ነበር። አይደለም፣ ቢያንስ በዚያ ብቻ አይባልም። 1ቢ ብዙ ጎልማሳ ይይዛል፣ ጎልማሳ ደግሞ ከሕፃን ይልቅ ይቋቋማል። ቡሩንዲም ታማሚ ፈልጎ በመመርመር ትሻላለች፤ ቀላሉ ታማሚም ከተቆጠረ የሞት ድርሻው ያንሳል። እንደገና ዳገትና ቁልቁለት።

የጂን ለውጡ በብዛት የሚናገረው ሌላ ነገር ነው። ሰውነታችን ውስጥ አፖቤክ-3 የሚባሉ ኢንዛይሞች አሉ፤ የቫይረሱን ጽሑፍ እየሰረዙ ፊደል ይቀይሩበታል። ቫይረሱ ካልሞተ ስርዙን ይዞ ወደሚቀጥለው ሰው ያልፋል። 2ቢ ላይ በዓመት ስድስት ገደማ እንዲህ ያለ ጠባሳ ይቆጠራል፤ ለዚህ ዓይነት ቫይረስ በጣም ብዙ ነው። ጠባሳው ሲበዛ ቫይረሱ ከእንስሳ ሳይሆን ከሰው ወደ ሰው ሲዞር መቆየቱ ይታወቃል። ስለዚህ የዘር ንባቡ ከየት መጣ፣ ስንት ጊዜ ቆየ ለሚለው ጥሩ ምስክር ነው። እኔ እሞታለሁ ወይ ለሚለው ግን ደካማ ምስክር ነው።

ለዚህኛው ጥያቄ ሁለት ነገር አግኝቻለሁ፤ ከዚያ ሌሊት ይዤ የቀረሁትም እነሱን ነው።

አንደኛው ኮንጎ ውስጥ የተደረገ የመድኃኒት ሙከራ ነው፤ ውጤቱ ነሐሴ 2024 ላይ ተነገረ። ቴኮቪሪማት የሚባለው መድኃኒት ክሌድ አንድ ላይ ይሠራ እንደሆን ለማየት ወደ 600 የሚጠጉ ሰዎች ሆስፒታል ገቡ። መድኃኒቱ ቁስሉን በማዳን መድኃኒት ከሌለበት ማስመሰያ አልተሻለም፤ ያሳዝናል። ግን የሞቱት ስንት ናቸው? መድኃኒቱን የወሰዱትም ማስመሰያ የወሰዱትም ጋ 1.7 በመቶ። በዚያው ጊዜ አገሪቱ ውስጥ ከተጠርጣሪዎች 3.6 በመቶና ከዚያ በላይ ይሞት ነበር። ሙከራው ውስጥ የነበሩት ያገኙት ይሄን ነው፤ አልጋ፣ ምግብ፣ ፈሳሽ፣ ቁስል ማጽዳት፣ አብሮ የመጣ ኢንፌክሽንን ማከም። ያው ክሌድ አንድ ነው።

ሁለተኛው የ«ቀላሉ» የ2ቢ ነው። በ2023 የታተመ ጥናት ኤችአይቪ በደማቸው ያለና መከላከያቸው የወረደ 382 የኤምፖክስ ታማሚዎችን ተመለከተ። 27 ሞተዋል። ሁሉም ሲዲ4 የሚባሉት የመከላከያ ሴሎቻቸው ቁጥር ከ200 በታች ነው፤ ከ200 በታች ከሆኑት መካከል ሲቆጠር 15 በመቶ። እኔ «ገዳዩ» ላይ ከለጠፍኩት አሥር በመቶ በላይ።

«የትኛው ነው?» ሲለኝ መጠየቅ የነበረብኝ እሱን ነው። ኤችአይቪ ተመርምረህ ታውቃለህ? ቤት ውስጥ ሕፃን አለ? ነፍሰ ጡር አለች?

ማክሰኞ ጠዋት ካርዱ ላይ የተጻፈውን የቤተሰብ ስልክ ደወልኩ። እናቱ ናቸው፣ ሠራተኛ ሰፈር። የሕመሙን ነገር ለእናትም ቢሆን መናገር አልችልም፤ «ጃኬት ረስቷል» አልኳቸው። ከሰዓት ጥቁር ጃንጥላ ይዘው ራሳቸው መጡ። ጃኬቱን አልጠየቁም። በሩን ዘጉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ ፈንጣጣ ነው እንዴ?» አሉኝ። ዝም አልኩ። ነጠላቸውን ገለጥ አደረጉና የግራ ክንዳቸውን አሳዩኝ። ክብ፣ ጎድጎድ ያለ፣ ዙሪያው የተሸበሸበ፣ የሃምሳ ሳንቲም የሚያህል ጠባሳ።

«አሥር ዓመቴ ነበር፤ ጤና ረዳቶቹ በበቅሎ መጡ። እኔ ጫካ ገብቼ ተደበቅሁ፤ አባቴ በጆሮዬ ጎትቶ አስወጋኝ። ጎረቤታችን ያልተወጋው ዓይኑ ጠፋ።»

የፈንጣጣ ዘመቻ እኛ አገር፣ በራሳችን አቆጣጠር፣ በ1963 ተጀምሮ የመጨረሻው ታማሚ የተገኘው ነሐሴ 1968 ላይ ነው። በሽታው ከዓለም ጠፋ ሲባል ክትባቱም ቆመ። ያ ክትባት ኤምፖክስንም በብዛት ይከላከል እንደነበር የዛየሩ ክትትል አሳይቷል፤ 85 በመቶ ገደማ። እናትየው ሳያውቁት ከልጃቸው የተሻለ ጋሻ ክንዳቸው ላይ ነበራቸው። ይሄን ስነግራቸው ሳቁ። ከዚያ ጃንጥላቸውን እያጠፉ፣ «እሱ ደግሞ በማን ወጥቶ ነው የሚደበቀው ብዬ!» አሉ። የት እንዳለ ያውቁ ነበር ማለት ነው።

ረቡዕ ጠዋት በማስክ ተሸፍኖ መጣ፤ እናቱ ከኋላው። አልተቆጣሁትም፤ በምን አፌ? ቁጭ አድርጌ፣ «የነገርኩህ ቁጥር ያንተ አይደለም» ብዬ ጀመርኩ። እሱ ስለ ቁጥሩ መስማት አልፈለገም። ናሙና ስንወስድ እጁ ይንቀጠቀጣል። ውሃ የቋጠረውን በመጥረጊያው አጥብቄ ስፈገፍገው ክዳኑ ይቀደድና ሥሩ ይጋለጣል፤ ቫይረሱ የሚገኘው ከዚያ ነው፤ በዝግታ ከዳሰሱት ባዶ ይወጣል። ሁለት ቁስል፣ ሁለት መጥረጊያ፣ ደረቅ ቱቦ፣ ሦስት ጊዜ ታሽጎ በረዶ ያለበት ሳጥን ውስጥ። ወደ ጉለሌ ሄደ፣ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት፤ ሰው ዛሬም ፓስተር የሚለው። የኤችአይቪ ምርመራውን እኛው ጋ አደረግን፤ ነጻ ነው።

ሁለቱን ሌሊት የት አደርክ ስለው እህቱ ቤት፣ ኮተቤ። የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት።

ያን ጊዜ ነው በደንብ የደነገጥኩት። ኤምፖክስ ከሆነ ለፅንሱ ክፉ ነው። ጉድፍም ከሆነ፣ እሷ በልጅነቷ ካላወጣች፣ ለእሷም ለልጇም ክፉ ነው። እኔ በአንድ ቁጥር አባርሬ ልኬበታለሁ። እናትየው ግን ወዲያው፣ «አውጥታለች! ስድስት ዓመቷ ነበር፣ ፊቷ ላይ ምልክቱ አለ» አሉ። ለማንኛውም የምትከታተልበት ቦታ ሄዳ እንድትናገር ነገርናቸው።

ዓርብ ውጤቱ መጣ። ኤምፖክስ የለም። ጉድፍ ነው።

ዶክተራችን ወረቀቱን እያየች አንድ ነገር አለች፣ ከዚያ ወዲህ ከአእምሮዬ አልወጣም። እሱ እኮ እስከ ዓርብ ድረስ በኤምፖክስ ተጠርጣሪነት ተቆጥሯል። ኮንጎም እንዲሁ ነው፤ ከተጠርጣሪዎቹ ሁሉም አይመረመሩም፣ ጉድፍም እዚያው አብሮ ይዞራል። የሞት ፐርሰንቱ ሲሰላ ከታች ባለው አካፋይ ቁጥር፣ በታማሚዎቹ ድምር ውስጥ፣ እንደሱ ያሉ ስንት ሰዎች አሉ? ከታች የሌሉት፣ ቤታቸው ተኝተው የዳኑትስ?

ሰውየው ቅርፊቱ ሁሉ ሲደርቅ፣ ከአሥር ቀን በኋላ፣ ጃኬቱን ሊወስድ መጣ። ጋሼ በረኪናቸውን ይዘው ተነሱ፣ በዓይኔ አስቀመጥኳቸው። ስለ ጉድፍ ሲያነብ ሰንብቷል፤ ትልቅ ሰው ላይ ይከብዳል፣ ሳንባም ይመታል የሚል አይቷል። እውነት ነው።

«እሺ ዶክተር» አለ ፈገግ ብሎ፣ «የዚህኛውስ ስንት ፐርሰንት ነው?»

ጃኬቱን ከነፕላስቲኩ አቀበልኩት። ፓኮው ኪሱ ውስጥ ጎበጥ ብሎ ይታያል።

«በቀን ስንት ታጨሳለህ?» አልኩት።